ካንሰር መንጋጭላ ላይ የሚበቅለው በአጋጣሚ አይደለም

የጡት፣ የሳንባ፣ የኩላሊት ወይም የፕሮስቴት ካንሰር ሴሎች ከተነሡበት አካል ተላቀው በደም ሥር ሲጓዙ ከሚያርፉባቸው ቦታዎች አንዱ የመንጋጭላ አጥንት ነው። እዚያ የሚበቅሉት ደም ስላደረሳቸው ብቻ ነው ወይስ አጥንቱ ስለተስማማቸው? እንግሊዛዊው ሐኪም ስቲቨን ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ ሲመረምር በሽታው ጉበትን አዘውትሮ ሲያጠቃ ጣፊያን ግን እምብዛም እንደማይነካ አየ። ሁለቱም አካላት ደም በብዛት ያገኛሉ። ስለዚህ የካንሰርን ሴል በዘር፣ የሚያርፍበትን አካል በአፈር መሰለ፤ ዘሩ በየቦታው ቢበተንም የሚበቅለው በሚስማማው አፈር ላይ ብቻ ነው።

አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ዩዊንግ በበኩሉ ነገሩን የሚወስነው የደም ዝውውር መንገድ ነው ሲል ተከራክሯል። ይህም ከፊል እውነት አለው። የአካል አወቃቀር ተመራማሪው ኦስካር ባትሰን እ.ኤ.አ. በ1940 እንዳሳየው የአከርካሪ ደም መላሾች ደሙን በአንድ አቅጣጫ የሚገድብ በር ስለሌላቸው ሴሎች ሳንባን ሳያቋርጡ ወደ ራስ አጥንቶች ሊደርሱ ይችላሉ። መንገዱ ብቻውን ግን ምርጫውን አያስረዳም። በሽታው ከላይኛው ይልቅ የታችኛውን መንጋጭላ፣ በተለይም መንጋጋ ጥርሶች የተተከሉበትን የኋላ ክፍል ያዘወትራል፤ በአዋቂ ሰው መንጋጭላ ውስጥ ለሴሎቹ ይስማማል የሚባለው ቀይ መቅኔ የሚተርፈው በአብዛኛው እዚያ ነው። ሴሎቹ ካረፉ በኋላም አጥንቱን በዋናነት የሚያፈርሱት ራሳቸው አይደሉም። አሮጌ አጥንት የማፍረስ ሥራ ያላቸውን የሰውነት ሴሎች በኬሚካላዊ መልእክት ያነሣሣሉ። አጥንቱ ሲፈርስ በውስጡ የተከማቹ የዕድገት ንጥረ ነገሮች ይለቀቃሉ፤ እነዚህም መልሰው ካንሰሩን ያፋፉታል። አፈሩ ዘሩን የሚመግበው በዚህ መንገድ ነው።

ከሌላ አካል ወደ አፍና መንጋጭላ የሚሠራጭ ካንሰር በአፍ አካባቢ ከሚታዩ አደገኛ ዕጢዎች 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነውና ይህን ያህል ሊያሳስበን ይገባልን የሚል ይኖራል። ይገባል፤ ምክንያቱም ከተዘገቡት ሕሙማን ሩብ በሚሆኑት ላይ ሌላ አካል ውስጥ የተደበቀው ካንሰር መኖሩ መጀመሪያ የታወቀው ወደ አፍና መንጋጭላ በተሠራጨው ዕጢ ነው። ለአገጭና ለታችኛው ከንፈር ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በመንጋጭላው ውስጥ ስለሚያልፍ ዕጢው ሲጫነው አካባቢው ይደነዝዛል። ጥርስ ሳይነቀልና ጉዳት ሳይደርስ አገጭ ከደነዘዘ፣ ጥርስ ያለ ምክንያት ከተነቃነቀ ወይም የተነቀለበት ቦታ አልድን ካለ ዝም አትበሉ። ከዚህ በፊት ካንሰር ታክማችሁ ከሆነ ደግሞ ይህንኑ ለጥርስ ሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት።