የድሮው የእርዳታ ጥሪያችሁ አሁንም ጎግል ላይ አለ፤ ስልክ ቁጥራችሁን እንዴት ታስጠፉታላችሁ?



ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አላወራም። በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝን አንድ ጥያቄ ነው የማነሳው። የመጨረሻዋ ጠያቂ የሰቆጣ ልጅ ናት። ከዓመታት በፊት ታናሽ እህቷ ለልብ ቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ስትባል ቤተሰቡ በፌስቡክና በቴሌግራም እርዳታ ጠየቀ። ፎቶዋ፣ ሙሉ ስሟ፣ የሐኪም ደብዳቤው፣ የእናቷ ስልክና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተለጠፈ። ገንዘቡ ተሟላ፣ ልጅቷም ታክማ ዳነች፣ ተመስገን። አሁን ሃይስኩል ናት። የክፍል ጓደኞቿ ስሟን ጎግል ላይ ሲጽፉ ግን የሚመጣው ያ የአልጋ ላይ ፎቶ ነው። እናትየዋም ከማታውቃቸው ሰዎች ዛሬም ስልክ ይደወልላታል። ይሄን ማጥፋት ይቻላል ወይ ነው ጥያቄው።

አብዛኛውን ማጥፋት ይቻላል፣ ሁሉንም ግን አይደለም።

በነገራችን ላይ ይሄ ነገር የዋግን ሰው ደጋግሞ የሚነካው በምክንያት ነው። ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ በላይ የሆነ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ግን ወደ ደሴ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ትራንስፖርቱ፣ የአስታማሚ ማደሪያው፣ ምርመራው ሲደመር ከአንድ ገበሬ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። ስለዚህ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ደግሞ ከሰቆጣና ከአካባቢው የተፈናቀለው ሕዝብ ስልክ ተቋርጦ ሲጠፋፋ፣ ዘመድ የሚፈልግ ሁሉ ስምና ቁጥሩን አደባባይ ለጥፏል። በዚያ ሰዓት ትክክል ነበር፣ እኔም ብሆን አደርገው ነበር። ችግሩ የፈላጊው ጭንቀት ሲያልፍ ፖስቱ አብሮ አለማለፉ ነው።

ታዲያ ይሄ የጤና ገጽ ላይ ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል። እንግዲህ የኩላሊት ታካሚን አስቡት። ስልኩ "ኩላሊቱ ሥራ ያቆመበት ወንድማችን" ከሚል ጽሑፍ ጋር ተለጥፏል። ለአጭበርባሪ ከዚህ የተሻለ ዝርዝር የለም፤ ማን እንደታመመ፣ በምን እንደታመመ፣ ምን ያህል እንደጨነቀው ሁሉም ተጽፎለታል። አንዱ ደውሎ "የሆስፒታሉ ሒሳብ ክፍል ነኝ፣ ቀብድ ላኩ" ይላል። ሌላው ደግሞ "ዲያሊሲሱን ተውት፣ የሚያድን ቅጠል አለኝ" ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። ገንዘብ ቢጠፋ ይተካል። ዲያሊሲስ በብዛት በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ የሚደረግ ነው፤ ታካሚው ሲያቋርጥ ፖታሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። የኤች አይ ቪ፣ የቲቢ፣ የአእምሮ ሕመም ወይም የፊስቱላ ታካሚ ከሆነ ደግሞ ስሙን ጽፎ የሚያገኘው አሠሪ፣ አከራይ ወይም የትዳር ጠያቂ ነው። ታሞ የዳነ ሰው ሕመሙን ለማን እንደሚናገር የመምረጥ መብት አለው።

እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ አንድ ነገር ይግባችሁ። ጎግል ማለት የሆስፒታል ካርድ ክፍል መዝገብ ማለት ነው። መዝገቡ ላይ ስማችሁና የካርዱ ቦታ አለ፤ ካርዱ ራሱ ግን ያለው መደርደሪያው ላይ ነው። ከመዝገቡ ብትሰረዙ ካርዱ አይቃጠልም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመደርደሪያው ነው።

ስማችሁንና ስልካችሁን ጎግል ላይ ፈልጉ። ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛ ፊደልም ጻፉ። ስልኩንም አንዴ በ09፣ አንዴ በ+251 ሞክሩት፤ ውጤቱ ይለያያልና። ያገኛችሁትን ሁሉ ሊንኩን ኮፒ አድርጉ፣ ስክሪንሹትም አንሱ። ከዚያ የለጠፈውን ሰው አግኙ። በራሳችሁ ገጽ ከሆነ አጥፉት በቃ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ፌስቡክ ላይ ጽሑፉን ኤዲት አድርጋችሁ ቁጥሩን ብታወጡት እንኳ የማሻሻያ ታሪኩን የሚከፍት ሰው የድሮውን ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ኤዲት ከማድረግ ማጥፋት ይሻላል። ዋናው ፖስት ሲጠፋ በሼር የሄዱት ሁሉ አብረው ባዶ ይሆናሉ። ኮፒ ተደርገው ሌላ ገጽ ላይ የተለጠፉት ግን አይጠፉም፤ እነሱን አንድ በአንድ መለመን ነው፣ ሌላ አቋራጭ የለውም። ቴሌግራም ላይ ይፋዊ ቻናል ከሆነ ጽሑፉ በብራውዘርም ይነበባል፣ ጎግልም ያገኘዋል፤ አድሚኑን በትሕትና ጠይቁት። አብዛኛው አድሚን ልጅቷ ድናለች ሲባል ደስ ብሎት ነው የሚያጠፋው። ዩቲዩብ ላይ ከሆነ የቪዲዮው ባለቤት እምቢ ቢል የግላዊነት ቅሬታ የሚቀርብበት የራሱ መንገድ አለ።

ለጣፊው ካልተገኘ ወይም ገጹ የተተወ ከሆነ ጎግል ጋ ትሄዳላችሁ። ከውጤቱ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትነኩ ውጤቱ እንዲወገድ የመጠየቂያ አማራጭ ይመጣል፤ ካልመጣ የጎግል እገዛ ገጽ ላይ ቅጹ አለ። ጎግል አወጣለሁ ከሚላቸው መካከል ስልክ ቁጥር፣ ኢሜይል፣ የቤት አድራሻ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የፊርማ ምስልና የሕክምና ማስረጃ ይገኙበታል። አያችሁ፣ አንድ የእርዳታ ጥሪ ፖስት እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ ይይዛል። ቅጹ ሊንኩን፣ የፈለጋችሁበትን ቃልና ስክሪንሹቱን ይጠይቃል። ለእናታችሁ ወይም ለልጃችሁ ወክላችሁም መሙላት ትችላላችሁ። ክፍያ የለውም። "በ5,000 ብር ከጎግል አጠፋለሁ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወይ ይሄንኑ ነፃ ቅጽ ነው የሚሞላላችሁ፣ ወይ ይባስ ብሎ መረጃችሁን ነው የሚሰበስበው። ፖስቱ ከምንጩ ጠፍቶ ጎግል ላይ ብቻ ቅሪቱ ከታየ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ይዘት እንዲታደስ የሚጠየቅበት ሌላ ቅጽ አለ።

ጎግል እምቢ የሚልበት ጊዜም አለ። የመንግሥት ወይም የዜና ድረ ገጽ ላይ ያለ፣ ለሕዝብ ይጠቅማል የሚለውን ነገር በቀላሉ አያወጣም። ይሄ ለዋግ ልጆች ትርጉም አለው። ሰቆጣ በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት በገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ስሟ ዓለም ላይ ታውቋል፤ ድርቅ በመጣ ቁጥርም ካሜራ ይመጣል። የልጃችሁ ፎቶ ከነስሙ በአንድ ድርጅት ሪፖርት ላይ ካለ ጥያቄያችሁን ለድርጅቱ ራሱ ጻፉ፤ ፈቃዳችሁን እንደምታነሱ ግለጹ።

ሕጉስ? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅን አጽድቋል፣ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። የጤና መረጃ በአዋጁ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ውስጥ ነው፣ መረጃ እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብትም አለ፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የጤና ባለሙያ ያለፈቃዳችሁ ካርዳችሁን ፎቶ አንስቶ ከለጠፈ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የሙያ ሚስጥር ማውጣት በወንጀል ሕጉ የሚያስጠይቅ ጥፋት ነው። አውሮፓ ያላችሁ የዋግ ልጆች ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፍርድ ቤት የጸና ተጨማሪ መብት አላችሁ። በጎግል ላይ አቤቱታ ያቀረበው ስፔናዊ ሰው የ1998 የዕዳ ማስታወቂያው ከስሙ ጋር እንዳይመጣ ነበር የጠየቀው፤ አሸነፈ፣ ዕዳውን ግን ዓለም ሁሉ አወቀለት 😅

ስልካችሁ "የሰቆጣዋ ታማሚ እናት" ተብሎ የሚታይ ከሆነ የጥፋቱ ምንጭ ትሩኮለር ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ አካውንታችሁን ዝጉ፣ ከዚያ ድረ ገጹ ላይ ቁጥር የሚወጣበትን ገጽ ከፍታችሁ በ+251 አስገቡት። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሴቲንግ ገብታችሁ ቁጥሬን ማን ያያል የሚለውን "ማንም" አድርጉት።

ነገ እርዳታ መጠየቅ ግድ ሲሆንስ? ጠይቁ፣ አትፈሩ። ግን ለጥሪው ብቻ የሚሆን ሲም አውጡ። የሐኪም ደብዳቤውን ስትለጥፉ የካርድ ቁጥሩን፣ የቤት አድራሻውንና ፊርማውን ሸፍኑ። የልጅ ፊት ማሳየት ግድ አይደለም። ጽሑፉን አንድ ቦታ ብቻ ለጥፉና ሰዎች ኮፒ ሳያደርጉ ሼር እንዲያደርጉት ለምኑ። ገንዘቡ ሲሞላ አመስግናችሁ በሳምንቱ አጥፉት፤ የሰጡት ሰዎች እንዲያውቁ አጭር ምስጋና ያለ ቁጥር ይበቃል።

ቅጹ ላይ የተቸገራችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እባካችሁ ስልካችሁን እዚህ ፖስት ሥር አትጻፉ፣ ካየሁት አጠፋዋለሁ።