የሕፃናት ሥዕል መጽሐፍ ለእኛም ነው

ሃያ ዓመት የሞላው ሰው የሕፃናት ሥዕል መጽሐፍ ይዞ ቢገኝ ይሳቅበታል። እኔም ይህንኑ ፈርቼ መጽሐፉን በደብተር ውስጥ ደብቄ ነበር ያነበብኩት። ይሁን እንጂ ችግራችንን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ አድርጓል። ሕፃናቱን የሚያስተምረው ታዲያ እንደኛ ያለው መምህር ነው። ለፈተና የሸመደድነው ሰዋስው ግን ልጆች ፊት ቆመን አንድ ቀላል ነገር እንኳ ለመናገር አላበቃንም።

ያነበብኩት እንግሊዛዊቷ ፓት ሃቺንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመችውን «ሮዚስ ዎክ» ነው። ጠቅላላ ጽሑፉ 32 ቃላት ብቻ ነው። ሮዚ የምትባል ዶሮ ግቢውን አቋርጣ፣ ኩሬውን ዞራ፣ በድርቆሽ ክምር ላይ ተሻግራ፣ በወፍጮው አጠገብ አልፋ፣ በአጥር ሾልካ፣ በንብ ቀፎዎች ሥር አድርጋ ለእራት ትመለሳለች። አለቀ! እኔም በሁለት ደቂቃ ጨርሼ «ዶሮዋ ተንሸራሸረች፤ መጽሐፉ ጥሩ ነው» ብዬ ግምገማ ጻፍኩ።

ጓደኛዬ አየውና «ቀበሮውስ?» አለኝ። የምን ቀበሮ? ተመልሼ ብገልጠው ለካስ ቀበሮ ከኋላዋ አድብቶ ይከተላታል! ሊይዛት ሲዘል ኩሬ ውስጥ ይወድቃል፣ ዱቄት ይፈስበታል፣ በመጨረሻም ንብ ያባርረዋል። ስለ እሱ ግን አንዲት ቃል አልተጻፈም። ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው፤ ጽሑፉ ዝም ባለበት ቦታ አንባቢው ራሱ መናገር አለበት። እዚያ ሽምደዳ አይሠራም።

አገራችን ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተ ልሔም ያለችበት ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ንባብ የሚማር ልጅ አንዱን ጽሑፍ ባንዴ አይለቀውም፤ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ ይመላለስበታል። እኛም የሥዕል መጽሐፍን ሦስት ጊዜ ብናነብ ይጠቅመናል።

1ኛ. ጽሑፉን በእጅ ሸፍኖ ሥዕሉን ብቻ ማየትና ታሪኩን መገመት።

2ኛ. ጽሑፉን ድምፅ አሰምቶ ማንበብ። ያላወቁትን ቃል ከመዝገበ ቃላት በፊት ከሥዕሉ መፈለግ። ዶሮዋን ክምሩ ላይና ቀፎው ሥር ያየ ሰው «ኦቨር» እና «አንደር»ን አይረሳም።

3ኛ. ሥዕሉ ያሳየውን፣ ጽሑፉ ግን ያልተናገረውን በራስ ዓረፍተ ነገር መጻፍ።

ለግምገማው አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ባለታሪኩ ማን ነው? ምን ሆነ? ሥዕሉ ምን ጨመረ? የትኛው ቃል አስቸገረኝ? ለስንተኛ ክፍል ይሆናል? «ጥሩ ነው» ብቻውን ግምገማ አይደለም፤ ምክንያቱ ይጻፍ።

ከአገራችንም ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝኛና በአማርኛ ያሳተመው «ሲሊ ማሞ» አለ። የማሞ ቂሎን ተረት ከልጅነታችን ስለምናውቀው እንግሊዝኛው አያስፈራም። ብቻ አማርኛውን ሸፍኖ መጀመር ነው፤ አለዚያ ዓይን ወደሚቀለው ይሸሻል።

የቀበሮውን ነገር የጨመርኩበት ሁለተኛው ግምገማዬ ሰባት ዓረፍተ ነገር ሆነ። ሦስቱ ስሕተት ነበረባቸውና በቀይ ታረሙልኝ። አላፈርኩም። ነገ ሕፃናት ፊት ከምሳሳት ዛሬ እዚህ ብሳሳት ይሻላል። መጽሐፉንም ከደብተሬ ውስጥ አውጥቼዋለሁ።