ክፍት ሶፍትዌርና የትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች አያያዝ

በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የኮምፒዩተር ክፍል ተብሎ የተለየ ክፍል አለ። በሩ ላይ ጠንካራ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል፤ በውስጡም ኮምፒዩተሮች ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል። ስንቶቹ እንደሚሠሩ ሲጠየቅ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ አንገት የሚያስደፋ ነው። ከጥቅም ውጭ ከሆኑትም ብዙዎቹ በሥራ ብዛት አልቀው ሳይሆን ተንከባካቢ አጥተው ነው።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው መምህራንም ከዚሁ ችግር አላመለጥንም። በምናስተምርበት ትምህርት ቤት 20 ኮምፒዩተሮች ሊኑክስ በተባለው ክፍት ሶፍትዌር ይሠሩ ነበር። ሶፍትዌሩን የጫነውና ብልሽት ሲያጋጥም የሚያስተካክለው አንድ ታታሪ ባልደረባችን ነበር። እርሱ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር የአስተዳዳሪነቱን የይለፍ ቃል የሚያውቅም ሆነ የተማሪዎች ሥራ ቅጂ የት እንደተቀመጠ የሚናገር ሰው አልተገኘም። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ «የምታውቀውን ጽፈህ አስረክበን» ያለው ሰው አልነበረምና። ዓመቱ ሳያልቅ ከ20ዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት ሥራ አቆሙ። የአንድ ክፍል ተማሪዎች ለወራት ያዘጋጁት ጽሑፍም ከተበላሸ ዲስክ ጋር አብሮ ጠፋ።

ከዚህ የተማርነው ትምህርት አጭር ነው። ክፍት ሶፍትዌር ለማግኘት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለማኖር ግን እንክብካቤ ይጠይቃል። እንክብካቤውም በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ ሰውየው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ የሥራውን ዋና ዋና ክፍሎች፣ ማንኛውም መምህርና ፈቃደኛ ተማሪ ሊከታተለው በሚችል መንገድ፣ ከዚህ በታች በተራ እናብራራለን።

ክፍት ሶፍትዌር ምንድን ነው?

ማንኛውም የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጀመሪያ የሚጻፈው ሰው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ነው። ይህም ጽሑፍ ምንጭ ኮድ ይባላል። ብዙ የንግድ ድርጅቶች ምንጭ ኮዱን ይዘው ለማሽኑ የተተረጎመውን ብቻ ይሸጣሉ። የክፍት ሶፍትዌር ምንጭ ኮድ ግን ለሁሉም የተገለጠ ነው። ማንም ሰው እንዲጠቀምበት፣ እንዲያጠናው፣ እንዲያሻሽለውና አባዝቶ ለሌላ እንዲሰጠው በሕጋዊ ፈቃድ ተፈቅዶለታል።

አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን ነፃ ሲስተም የመሥራት ዕቅዱን ይፋ አደረገ። በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን የመጀመሪያ እትም አወጣ። በ1993 ዴቢያን፣ በ2004 ደግሞ በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ አነሣሽነት ኡቡንቱ ተመሠረቱ። በኖርዌይም በ2001 ለትምህርት ቤቶች ብቻ የታሰበ ሊኑክስ ማዘጋጀት ተጀመረ፤ ይህም ሥራ ዛሬ ዴቢያን ኤዱ በመባል ይታወቃል።

ለአማርኛ አንባቢም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከተካተተ ወዲህ በሊኑክስ ላይ አማርኛ መጻፍ አያስቸግርም። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልን የመሳሰሉ የፊደል ቅርጾችም ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

ነገሩን ዛሬ ይበልጥ አስፈላጊ ያደረገው ሌላ ምክንያት አለ። ለዊንዶውስ 10 በመደበኛነት ይሰጥ የነበረው ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች የሌላቸውን የደኅንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። እንዲህ ያሉት ኮምፒዩተሮች 64 ቢት ፕሮሰሰርና 4 ጊጋ ባይት ራም ካላቸው፣ ኤክስኤፍሲኢ ወይም ኤልኤክስኪውቲ የተባለው ቀላል ዴስክቶፕ ያለው ሊኑክስ ቢጫንባቸው ገና ለዓመታት ማስተማር ይችላሉ።

ሀ. የአስተዳዳሪና የተጠቃሚ ሥልጣን

በሊኑክስ የሲስተሙን ማንኛውንም ፋይል ለመለወጥ ሙሉ ሥልጣን ያለው «ሩት» የተባለው አካውንት ነው። ተራ ተጠቃሚ በራሱ ፎልደር ውስጥ እንደ ልቡ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፤ የሲስተሙን ፋይሎች ግን መለወጥ አይችልም። አስተዳዳሪ የሆነ ሰው «ሱዶ» በተባለው ትእዛዝ አማካይነት ለአንድ ሥራ ብቻ ያንን ሥልጣን ይዋሳል። ይህ ክፍፍል በትክክል ከተጠበቀ አንድ ተማሪ ሳያውቅ ቢሳሳት የሚጎዳው የራሱን ሥራ ብቻ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ደኅና ሆኖ ይቆያል።

ስለሆነም ተማሪዎች ከአስተዳዳሪ አካውንት ጋር እንዳይሠሩ፣ አስተዳዳሪዎችም ከ2 እንዳያንሱ እንመክራለን። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ተደርጎ በርእሰ መምህሩ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፤ በተለወጠም ቁጥር ፖስታው ይለወጥ።

የይለፍ ቃሉ ቢጠፋስ? ዲስኩ በምስጢር ኮድ ካልተቆለፈ ኮምፒዩተሩን ሊኑክስ ከተጫነበት ፍላሽ በማስነሣት የይለፍ ቃሉን መለወጥ ይቻላል። እኛም በመጨረሻ ኮምፒዩተሮቹን ያስከፈትነው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ለእኛ የተከፈተው መንገድ ለሌላ ሰውም የተከፈተ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የክፍሉ በርና የፈተና ጽሑፎች ቁልፍ ከይለፍ ቃል ያላነሰ ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል።

ለ. ሶፍትዌርን ማደስ

በክፍት ሶፍትዌር ውስጥ ስሕተት ሲገኝ ይታረማል፤ እርማቱም ለተጠቃሚ ሁሉ ይላካል። ሊኑክስ ፕሮግራሞችን የሚወስደው ማከማቻ ከሚባል የታወቀ ቦታ ሲሆን የማከማቻው ዝርዝር ዲጂታል ፊርማ አለበት። ኮምፒዩተሩ ፊርማውን ሳያረጋግጥ ምንም አይጭንም። ስለዚህ ፕሮግራምን ከየመንደሩ ፍላሽ ላይ ከመገልበጥ ከማከማቻው መውሰድ እጅግ ይመረጣል።

በዴቢያንና በኡቡንቱ ይህ ሥራ የሚከናወነው በላቲን ፊደል በሚተየቡ 2 ትእዛዞች ነው። «ሱዶ አፕት አፕዴት» አዲሱን ዝርዝር ያመጣል፤ «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» ደግሞ የታደሱትን ፕሮግራሞች ይጭናል። የመጀመሪያው የመጋዘኑን ዝርዝር እንደ ማንበብ፣ ሁለተኛው ዕቃውን ተሸክሞ እንደ መምጣት ነው።

እዚህ ላይ የኢንተርኔት ዋጋ ጥያቄ ይነሣል። እድሳቱ 300 ሜጋ ባይት ቢሆን 20 ኮምፒዩተሮች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲያወርዱ 6,000 ሜጋ ባይት ይፈጃሉ። «አፕት ካቸር ኤንጂ» የተባለው ነፃ ፕሮግራም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ቢጫንና ሌሎቹ በእርሱ በኩል እንዲያወርዱ ቢደረግ ግን 300ው ሜጋ ባይት የሚወርደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የቀሩት 19 ኮምፒዩተሮች በክፍሉ ውስጥ በተዘረጋው ሽቦ ከእርሱ ይወስዳሉ።

እትም ሲመረጥም ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚያገኘውን መውሰድ ይገባል። ኡቡንቱ እንዲህ ያለውን እትም በየ2 ዓመቱ ያወጣል፤ 5 ዓመት መደበኛ ድጋፍም ይሰጠዋል። አዲስ የወጣውን ሁሉ መከተል ለትምህርት ቤት ድካም እንጂ ጥቅም የለውም።

ሐ. መብራት መጥፋትና መጠባበቂያ ቅጂ

መብራት ድንገት ሲጠፋ ዲስኩ ምን ይሆናል? ብዙ ጊዜ ሊኑክስ የሚጠቀምበት ኤክስት4 የተባለው የፋይል አደረጃጀት በፋይሎቹ አያያዝ ላይ ለውጥ ከማድረጉ በፊት ሊያደርግ ያሰበውን በአንድ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። መብራት ተመልሶ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ መዝገቡን አንብቦ የተጀመረውን ይፈጽማል ወይም ይተወዋል። ጠንቃቃ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ዕቃ ከማንቀሳቀሱ በፊት በመዝገቡ ላይ እንደሚጽፈው ማለት ነው።

ይሁንና መዝገቡ የሚጠብቀው የፋይሎቹን አደረጃጀት እንጂ ተማሪው ጽፎ ያላስቀመጠውን ገጽ አይደለም። ስለዚህ ተማሪዎች እየጻፉ ቶሎ ቶሎ «ሴቭ» የማድረግ ልማድ ይኑራቸው። በሊብሬኦፊስም ራሱ የሚያስቀምጥበት የጊዜ ልዩነት ከ10 ደቂቃ ወደ 2 ደቂቃ ዝቅ ሊደረግ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የክፍሉን ዋና ማብሪያ ማጥፋት፣ ከተመለሰም በኋላ እስኪረጋ ጥቂት መጠበቅ የኮምፒዩተሮቹን ዕድሜ ያራዝማል።

ዲስክ ግን አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም። ስለዚህ አስፈላጊ ሥራ ሁሉ በ3 ቅጂ ይኑር፤ ቅጂዎቹ በ2 ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጡ፤ አንዱም ከክፍሉ ውጭ ይደር። «አርሲንክ» የተባለው ፕሮግራም የተለወጡትን ፋይሎች ብቻ ስለሚገለብጥ በየሳምንቱ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሥራው ቶሎ ያልቃል። በየሴሚስተሩም አንድ ጊዜ ከቅጂው ላይ አንድ ፋይል መልሶ አውጥቶ ማንበብ ያስፈልጋል። ተሞክሮ ያልታየ ቅጂ አለ ለማለት አይቻልም።

መ. የፍላሽ ጣጣ

ተማሪ ፍላሹን ሰክቶ «ፋይሌ ጠፋ» ብሎ የሚደነግጥበት ጊዜ ብዙ ነው። በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ አንድ የታወቀ የቫይረስ ዓይነት እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ደብቆ በምትካቸው ሐሰተኛ ማሳያ ያስቀምጣል። ሊኑክስ የዊንዶውስን የመደበቂያ ምልክት ስለማያከብር ያው ፍላሽ በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካ የተደበቁት ፎልደሮች ይታያሉ። ሐሰተኛው ማሳያም በሊኑክስ ላይ አይሠራም። በዚህ መንገድ የብዙ ተማሪዎችን ሥራ መልሰናል።

ነገር ግን «ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም» ማለት ስሕተት ነው። በሊኑክስ ላይ የሚሠሩ ጎጂ ፕሮግራሞችም አሉ። ከዚህም በላይ ሊኑክስ ኮምፒዩተር ራሱ ሳይታመም የዊንዶውስን ቫይረስ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሊያሸጋግር ይችላል። ስለሆነም አጠራጣሪ ፋይሎች ሲገኙ መሰረዝ አለባቸው።

ሠ. ብልሽትን በሥርዓት ስለ መፈለግ

አንድ ጊዜ ከክረምት ዕረፍት ስንመለስ 3 ኮምፒዩተሮች አንድም ድረ ገጽ አልከፍት አሉ። እድሳትም እንቢ አሉ። ኢንተርኔቱ ነው ብለን 2 ቀን ሙሉ ሽቦ ስንነቅልና ስንሰካ ዋልን። በመጨረሻ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የስክሪኑን ጥግ አመልክታ «መምህር፣ ይኸ ኮምፒዩተር እኮ ገና ሰኔ ላይ ነው» አለችን። እውነቷን ነበር፤ እኛ መስከረም ላይ ነበርን።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሲአር2032 የምትባል 3 ቮልት የሆነች ክብ ባትሪ አለች፤ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስቆጥረው እርሷ ናት። ባትሪዋ ስትሞት ማሽኑ ቀኑን ይረሳል፤ ሊኑክስም ለመጨረሻ ጊዜ የሚያስታውሰውን ቀን ይይዛል። ሰዓትን ከኢንተርኔት የማስተካከሉ አገልግሎት ደግሞ በትምህርት ቤቱ ኔትዎርክ ላይ ተዘግቶ ነበር። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው፣ ሰኔ ላይ የቆመው ኮምፒዩተር በነሐሴ የተሰጠውን ሰርተፊኬት «ጊዜው ገና አልደረሰም» ብሎ መለሰው። ባትሪው ተለውጦ ሰዓቱ ሲስተካከል ችግሩ ወዲያው ተወገደ።

የሚያሳፍረው ነገር ስክሪኑ ይህንኑ በጽሑፍ ሲነግረን መቆየቱ ነው፤ እኛ ሳናነብ እንዘጋው ነበር። ስለዚህ ብልሽት ሲያጋጥም የመጀመሪያው ሥራ የሚታየውን መልእክት አንብቦ መገልበጥ ነው። ቀጥሎ ከመበላሸቱ በፊት ምን እንደተለወጠ መጠየቅ ይገባል። ከዚያም ቀላሉንና የማያስወጣውን አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል፤ ይኸውም ሽቦውን፣ ሰዓቱን፣ ዲስኩ መሙላቱንና አቧራውን ነው። በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ይህ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ከምናስተምረው የምርምር ዘዴ የተለየ አይደለም።

ረ. የሥራ መዝገብ

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ጠንካራ ደብተር ነው። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ቁጥር ይሰጠው። በደብተሩም ላይ ቀኑ፣ የኮምፒዩተሩ ቁጥር፣ የታየው ችግር፣ የተደረገው መፍትሔና የሠራው ሰው ስም ይጻፍ። እኛ አሁን 2 መምህራንና 6 የክበብ አባላት የሆኑ ተማሪዎች ይህን ሥራ በተራ እንሠራለን። የ11ኛ ክፍሎቹ የ9ኛ ክፍሎቹን ያሠለጥናሉ፤ አንዱ ሲመረቅ ሌላው ይተካል። ምንጭ ኮዱ የተከፈተ ስለሆነ የበለጠ ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ የሚጠቀምበትን ፕሮግራም ራሱን ከፍቶ ማንበብ ይችላል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» ይባላል። ሊኑክስ ራሱ የተሠራው በዚህ ዓይነት ነው፤ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ሥራውን ተካፍለውታል። ያንን ሶፍትዌር ተቀብለን አያያዙን ግን በአንድ መምህር ትከሻ ላይ ብንጭን ጥቅሙን ግማሽ አጣነው ማለት ነው። እንግዲህ የሥራ ባልደረቦቻችን ሆይ፣ የኮምፒዩተር ክፍላችሁን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ሳይዛወር ዛሬውኑ ደብተር ይዛችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።