ምክር ቤትና ጠበቃ

በግእዝ ቋንቋ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ «ወጣ፥ ታየ» ማለት ሲሆን፥ ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን «የሰው ገንዘብ ሰርቆ ወሰደ» ማለት ነው። ጆሮ ያልለየውን ፊደል ስለሚለየው፥ የቅኔ ቤት ተማሪ ግስ ሲያጠና ይህን አስቀድሞ ይጠነቀቃል። በእንግሊዝኛም እንዲህ ያሉ ቃላት ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ይልቁን ለመንግሥት ሠራተኛ ማወቁ የሚያስፈልገው፥ ሲጠሩ «ካውንስል» ተብለው የሚሰሙትን ኹለቱን ነው።

አንደኛው ከመካከሉ በኋላ «ሲ» እና «አይ» በሚባሉት ፊደሎች ይጻፋል፤ ሥሩ በላቲን ስብሰባ ማለት ስለ ሆነ፥ ትርጓሜው ጉባኤ ወይም ምክር ቤት ነው። ኹለተኛው በዚያው ስፍራ «ኤስ» እና «ኢ» በሚባሉት ይጻፋል፤ ሥሩም ምክር ማለት ስለ ሆነ፥ ትርጓሜው ምክር፥ ደግሞም በፍርድ ቤት ስለ ባለጉዳዩ የሚከራከር ጠበቃ ነው።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1945 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ በተፈረመው በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር፥ የጸጥታው ምክር ቤት የተሰየመው በፊተኛው ቃል ነው። ከቻርተሩ ጋር በተያያዘው በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ደንብ 42ኛ አንቀጽ ግን፥ ተከራካሪዎች በጠበቃ እንዲረዱ የተፈቀደው በኋለኛው ቃል ነው።

የኹለቱን ሥራ ኢትዮጵያም አይታዋለች። በዚሁ አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. ከላይቤሪያ ጋር ሆና፥ ዛሬ ናሚቢያ ስለምትባለው አገር ደቡብ አፍሪካን በከሰሰች ጊዜ፥ በችሎቱ የተከራከሩላት ጠበቆች ነበሩ። ፍርድ ቤቱም በ1966 ዓ.ም. ከሳሾቹ በነገሩ ላይ የራሳቸው መብት መኖሩን አላስረዱም ሲል ክሱን ሳይቀበለው ቀረ። በ1970 ዓ.ም. ግን የጸጥታው ምክር ቤት የዚያኑ ፍርድ ቤት አስተያየት ጠየቀ፤ በ1971 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቈየቷ ከሕግ ውጭ እንደ ሆነ ተገለጸ። እንግዲህ ጠበቃው ይከራከራል እንጂ አይወስንም፤ ምክር ቤቱም ይወስናል እንጂ ለአንድ ባለጉዳይ ጥብቅና አይቆምም።

በአማርኛ ምክርና ምክር ቤት ከአንድ ሥር ስለሚወጡ፥ ተርጓሚው ካልተጠነቀቀ የሕግ መካሪ የሆነውን አንድ ሰው «የሕግ ምክር ቤት» ብሎ ጉባኤ ያደርገዋል። ደብዳቤውም ወዳልታሰበበት ይሄዳል፤ ባለጉዳዩም ያለ ጥፋቱ ይጉላላል። ስለዚህ ተርጓሚ የሆነ ሰው የሰማውን ከመጻፉ በፊት የተጻፈውን ፊደል መርምሮ ይይ።