የአሮጌው መጋዘን አፈር ሳይመረመር ቤት አይሠራበት

በአምቦ፥ በጉደር፥ በጊንጪና በባኮ ከተሞች የሕዝቡ ቍጥር በበዛ መጠን፥ ቀድሞ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት መጋዘን፥ ጋራዥ ወይም የነዳጅ ማደያ የነበረ ግቢ ለትምህርት ቤት ወይም ለመኖሪያ መፈለጉ አይቀርም። ግቢው ተጠርጎ አሮጌው ቆርቆሮ ሲነሣ ንጹሕ ይመስላል።

ይህን የምንጽፈው ሕዝብን ለማስፈራራት አይደለም። በአገራችን ጊዜው ያለፈ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት በየመጋዘኑ ለብዙ ዓመታት ተከማችቶ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. 1,500 ቶን ያህል ተሰብስቦ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ተልኳል። ይሁን እንጂ በርሜሉን ማንሣት አንድ ሥራ ሲሆን፥ በርሜሉ የቆመበትን አፈር መመርመር ሌላ ሥራ ነው። ዲዲቲ በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቈያል፤ ከአሮጌ ባትሪ የሚፈሰው እርሳስ ደግሞ ከቶ አይበሰብስም።

ስለዚህ ከአካፋው በፊት ጥያቄ ይቅደም። በርሜል የታጠበው፥ ቆሻሻ የተቃጠለውና የተቀበረው በየት በኩል እንደ ነበረ ከቀድሞ ሠራተኞች ተጠይቆ በወረቀት ላይ ይነደፍ። በእኛ አስተያየት የአንድ ሽማግሌ ዘበኛ ትዝታ ከብዙ ጉድጓድ ይበልጣል። የላቦራቶሪውም ባለሙያ የሚፈለገው መርዝ አስቀድሞ ይነገረው፤ ያልተጠየቀውን አይመረምርምና።

እርሳስ በተጠረጠረበት ስፍራ ሕፃናት የሚነኩት የላይኛው አፈር ይወሰዳል። ነዳጅ ወይም ፈሳሽ መድኃኒት በፈሰሰበት ግን ጠለቅ ብሎ መቈፈር ያስፈልጋል። በተለይም የጊንጪ አካባቢ መረሬ አፈር በበጋ በጥልቀት ስለሚሰነጠቅ፥ ፈሳሹ በስንጥቁ ወርዶ ላዩ ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለማነጻጸሪያ የሚሆን አፈርም ከግቢው በላይ በኩል፥ ምንም ካልተሠራበት መሬት ይወሰድ።

ነዳጅ የተጠረጠረበት አፈር ሲታሽ ጋዙ ስለሚበን፥ ሳይነካካ በብርጭቆ ዕቃ ጢም ብሎ ተሞልቶ በደንብ ይከደን፤ በበረዶ ሣጥንም ይላክ። መቈፈሪያው ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሲሻገር ይታጠብ፤ በየዕቃው ላይም ስፍራው፥ ጥልቀቱና ቀኑ ይጻፍ። አፈር በማሽተት የሚፈርዱ ሰዎች አጋጥመውናል፤ እርሳስ ሽታ እንደሌለው፥ መድኃኒቱንም ማሽተት ራሱ ጕዳት እንደሆነ ልናስገነዝባቸው እንወዳለን።

በአቅራቢያው ያለ የውኃ ጕድጓድ አብሮ ይመርመር። የአዋሽ ወንዝ ከጊንጪ አካባቢ የሚነሣ ስለሆነ፥ ዝናብ ከዚያ አጥቦ የሚወስደው ነገር እስከ ሩቅ አገር ይደርሳል።

ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ግቢው ይታጠር። ጎመን አይተከልበት፤ ከብት አይሰማራበት፤ ለቤት ምርጊትም ከዚያ አፈር አንድ ቅርጫት እንኳ አይወሰድ።