ዐቃብያነ መጻሕፍት፤ ከማኅደር እስከ መረጃ መረብ

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባት የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ለገዳማቸው ባጻፉት ወንጌል ውስጥ፣ ከቅዱሱ ንባብ በተጨማሪ፣ እኒያ ታላቅ መነኩሴ ለገዳሙ ያስገኟቸው መጻሕፍት ተዘርዝረው ይገኛሉ። ይህ ዝርዝር በዚያው ወንጌል ውስጥ ካሉት ሥዕሎች አጠገብ ሲታይ ዓይንን የማይስብ ተራ ጽሑፍ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የቤተ መጻሕፍት ሥራ በአገራችን ከየት እንደ ተነሣና ዋና ነገሩ ምን እንደ ሆነ ለመመርመር የሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አያገኝም፤ መጻሕፍትን ማሰባሰብ አንድ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ የተሰበሰበው ምን እንደ ሆነ ጽፎ ለሚመጣው ትውልድ ማስታወቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ መሆኑን አባቶች ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ተረድተውት እንደ ነበር ይመሰክራልና።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ከንዋያተ ቅድሳት ጋራ ተቆጥሮ በዕቃ ቤት ይቀመጣል። ብራናው በሁለት የእንጨት ገበታዎች መካከል ተጠርዞ፣ ከቆዳ በተሰፋ ማኅደር ውስጥ ገብቶ፣ በማንገቻው ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ይህም ከእርጥበት፣ ከምስጥና ከአይጥ ይከላከልለታል። ኀላፊነቱ የገበዙ ነው፤ ለመምህሩ ወይም ለካህኑ አውጥቶ ይሰጣል፣ ሲመለስም ተቀብሎ በቦታው ያኖራል። ከዚህም ሌላ፣ መጽሐፉን ያጻፈው ወይም ለደብሩ የሰጠው ሰው፣ መጽሐፉን የሰረቀና በላዩ የተጻፈውን ስም የፋቀ ሁሉ የተወገዘ ይሆን ዘንድ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ያስጽፍበታል፤ ቁልፍና ዘበኛ በማይበቁበት ዘመን ይህ ውግዘት ብዙ መጻሕፍትን አድኗል። ሆኖም ጥበቃው ይህን ያህል የጸና ሆኖ ሳለ አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት። የትኛው ማኅደር ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ ገበዙና አንድ ሁለት አረጋውያን መምህራን ብቻ ስለ ነበሩ፣ እነሱ ያረፉ እንደ ሆነ መጽሐፉ በቦታው እያለ ዕውቀቱ ግን አብሮ ይቀበራል። የሐይቁን የመሰለ ዝርዝር ያላቸው ገዳማት ይህን አደጋ ጥቂት ቀንሰውታል፤ ዝርዝር የሌላቸው ግን ዛሬም ድረስ ያላቸውን ሀብት በሙሉ አያውቁትም።

ያልታወቀ መጽሐፍ ለመጠየቅ እንኳ እንደማይመች የመቅደላ ታሪክ ያስረዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከየአድባራቱ ያሰባሰቧቸው እጅግ ብዙ መጻሕፍት ንጉሡ ሲወድቁ በእንግሊዝ ጦር እጅ ገቡ፤ ከሠራዊቱ ጋራ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ሪቻርድ ሆምዝ የሚባል ሰው ስለ ነበረ፣ ሦስት መቶ ሃምሳ ያህሉ ወደ ሎንዶን ተጋዙ። እ.ኤ.አ. በ1877 ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ የእነዚህን መጻሕፍት ካታሎግ አሳተመ፤ እያንዳንዱ መጽሐፍ ምን እንደሚይዝ፣ በማን ዘመን እንደ ተጻፈና የማን እንደ ነበረ ለአውሮፓ ሊቃውንት በዝርዝር ተገለጠ። የዘረፋው በደል በምንም የዕውቀት አገልግሎት የሚካስ አይደለም፤ ነገር ግን የመጻሕፍቱ ባለቤት የነበረው ሕዝብ በአገሩ ለቀሩት መጻሕፍቱ እንዲህ ያለ መዝገብ ሳይኖረው፣ የተወሰዱት በባዕድ አገር ተመርምረው መታወቃቸው ልብን የሚያሳዝን ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ወደ እንግሊዝ ሲጽፉ መጽሐፉን ለይተው ጠሩ፤ ሙዚየሙም መለሰላቸው። ስሙ ያልታወቀውን ግን ማን በምን ቃል ይጠይቃል?

በአዲስ አበባ ሕዝብ ሁሉ ወመዘክር ብሎ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በአገራችን የዐቃቤ መጻሕፍት ሥራ ከዕቃ ቤት ወጥቶ ወደ ንባብ አዳራሽ ተሸጋገረ። የቀድሞው ገበዝ የሚያውቀውን ሰው ብቻ ሲያስተናግድ፣ የአዲሱ ዘመን ባለሙያ ግን ከመንገድ ለሚገባ ለማንም ዜጋ መጽሐፍ ማቅረብ ግዴታው ሆነ፤ ለዚህም ማስታወስ ብቻውን የማይበቃ ስለ ሆነ፣ በመሳቢያ የሚደረደር የካርድ ካታሎግ አስፈለገ። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ዐቃቤ መጻሕፍት ሆነው ያገለገሉት የፖላንዱ ተወላጅ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ባልደረቦች፣ በአማርኛ የሚታተመውን ሁሉ ከጋዜጣ እስከ ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ ለማሰባሰብ የደከሙት ድካም ሊመሰገን የሚገባው ነው። እንዲያ ሲሠሩ ግን ከውጭ የመጣው የካታሎግ ሥርዓት ከአገሩ ልማድ ጋራ የሚጋጭበት ቦታ ብዙ ነበር። የአውሮፓው ካርድ ሰውን የሚያስገባው በቤተሰብ ስሙ ነውና፣ ሥርዓቱን እንዳለ የተከተለ ሰው የሀዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር «ዓለማየሁ» በሚል ስም ሥር አስገብቶ የልጁን ድርሰት ለአባት ይሰጣል። የቤተ መጻሕፍት ሕግ አውጪዎች ኢትዮጵያዊ በራሱ ስም መመዝገብ እንዳለበት ቢቀበሉም፣ በውጭ አገር መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይህ ስሕተት ዛሬም እንዳለ አለ።

ከዚህ በኋላ የመጣው የፎቶግራፍ ዘመን ነው። በአሜሪካ አገር በሚኔሶታ ግዛት፣ ኮሌጅቪል በተባለ ቦታ ያሉ የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት መነኮሳት፣ የሞንቴ ካሲኖ ገዳም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ መፍረሱን አስበው፣ ሦስተኛ ጦርነት ቢነሣ የአውሮፓ ገዳማት መጻሕፍት ሁሉ እንዳይጠፉ በመስጋት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በኦስትሪያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ይኸው ሥራ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋራ በተደረገ ስምምነት፣ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲም ተባባሪ ሆኖ፣ ወደ አገራችን መጣ። በዓመቱ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወደቀ፤ የአድባራትና የገዳማት ይዞታ ተወረሰ፤ ጦርነትና ረኀብም ተከተለ። ቢሆንም የማይክሮፊልሙ ሥራ ሃያ ዓመት ያህል ሳይቋረጥ ቀጥሎ ከዘጠኝ ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሡ፤ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በኮሌጅቪል ተቀመጠ። በዚያ ዘመን ከቦታ ወደ ቦታ እየዞሩ በብርቱ ችግር ውስጥ ብራናውን እየገለጡ ያነሡት ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ስማቸው ብዙ ሲነገር አይሰማም፤ የሠሩት ሥራ ግን በየፊልሙ ላይ ይታያል።

ፊልም ግን አይናገርም። የዘጠኝ ሺህ መጻሕፍት ምስል በሣጥን ተከማችቶ ቢገኝ፣ እያንዳንዱ ምን እንደ ሆነ የሚናገር መዝገብ እስካልተጻፈለት ድረስ፣ ነገሩ ያው የቀድሞው ጨለማ ዕቃ ቤት ነው። ይህን ሥራ ዊልያም ማኮምበር ጀመረው፤ ከባዱን ሸክም ግን የተሸከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ጌታቸው በሸንኮራ ተወልደው፣ በካይሮና በጀርመን አገር ቱቢንገን ተምረው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ቆይተው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የደርግ ወታደሮች በጥይት አቁስለዋቸው እግራቸው ሽባ ሆነ፤ ለሕክምና ከአገር ወጥተው በዓመቱ ኮሌጅቪል ገቡ። አገራቸውን ዳግመኛ በእግራቸው ሊረግጡ የማይችሉት እኒህ ሊቅ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ የሸዋንና የወሎን፣ የጎጃምንና የጎንደርን መጻሕፍት በማንበቢያ መሣሪያ ብርሃን ቅጠል በቅጠል አነበቡ።

ይህ ምን ዓይነት ሥራ እንደ ሆነ ጥቂት መግለጥ ይገባል። የብራና መጽሐፍ የርእስ ገጽ፣ የታተመበት ዓመትና ማውጫ የለውም። ላዩን ሲያዩት ተአምረ ማርያም ወይም ዳዊት የሆነው መጽሐፍ፣ በመካከሉ ወይም በባዶ ቅጠሎቹ ላይ የርስት ውል፣ የአንድ ንጉሥ ዜና፣ የባሕረ ሐሳብ ስሌት፣ ወይም ሊቃውንት ጠፍቷል ብለው ተስፋ የቆረጡበት ድርሰት ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ መዝጋቢው መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ማንበብ አለበት፤ ዘመኑን ለመገመት የፊደሉን ቅርጽ ይመረምራል፤ በጸሎቱ ውስጥ የተጠራው ንጉሥ፣ ጳጳስና የገዳም አበምኔት ማን እንደ ሆነ ያስተያያል፤ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ የሁለተኛው ተተክቶ እንደ ሆነም ያስተውላል። ግእዝ ብቻ ያወቀ ሰው ይህን አይችልም፤ ታሪክ ብቻ ያጠናም አይችልም፤ ሁለቱን ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋራ አዋሕዶ የያዘ ሰው ያስፈልጋል። ካታሎጉ በዐሥር ቅጽ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1993 ታትሞ ለአምስት ሺህ መጻሕፍት ብርሃን ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ጌታቸው የተቀበሉት የማካርተር ሽልማትም የሚገባቸው ነበር። እኔ በበኩሌ፣ በኢትዮጵያ ጥናት ታሪክ ከዚህ ካታሎግ የሚበልጥ አገልግሎት ያደረገ ሥራ እምብዛም እንደሌለ አምናለሁ፤ ከእሱ ወዲህ ስለ ግእዝ ሥነ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ሁሉ በዚያ በር ይገባልና።

በእኛ ዘመን ፊልሙ በዲጂታል ምስል ተተካ። የኮሌጅቪሉ ቤተ መጻሕፍት ምስሎቹን በመረጃ መረብ ላይ ከፍቷቸዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2015 ከሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተነሡ ተመራማሪዎች በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ከሁለት ሺህ በላይ መጻሕፍትን በዲጂታል አንሥተዋል፤ ኋላ በዚያ ምድር ጦርነት ሲነሣ፣ አስቀድሞ የተነሣው ምስልና የተጻፈው መግለጫ በየደብሩ ምን እንደ ነበረ የሚመሰክር ሰነድ ሆነ። ይሁን እንጂ አዲሱ መሣሪያ አዲስ ችግር ይዞ መጣ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ቢሮ በራሱ የፊደል ፕሮግራም የጻፈው መዝገብ በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆን ነበር። ፊደሉ ከገባም በኋላ፣ ሀዲስ ዓለማየሁን የሚፈልግ አንባቢ በሃሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ፣ ወይም በሃ፤ የአባታቸውንም ስም በአልፋው አ ወይም በዐይኑ ዓ ሊጽፍ ስለሚችል፣ ማሽኑ እነዚህ ሁሉ አንድ ሰው መሆናቸውን እንዲያውቅ የሚያስተምረው ባለሙያ ከሌለ፣ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ እያለ የለም የሚል መልስ ይሰጣል።

ከሁሉም የከበደው ትምህርት ግን ከሎንዶን የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 መዛግብትን በስውር ቆልፈው ቤዛ የሚጠይቁ ወንበዴዎች የብሪቲሽ ላይብረሪን ኮምፒዩተሮች ሰብረው ገቡ። ቤተ መጻሕፍቱ ቤዛ አልከፍልም ስላለ የሠራተኞችና የአንባቢዎች ምስጢር ለሕዝብ ተበተነ፤ ካታሎጉ እስከ ጃንዋሪ 2024 ተዘጋ፣ በዲጂታል የተነሡት የብራና መጻሕፍት ደግሞ፣ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተረከባቸው የመቅደላዎቹም ጭምር፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ሳይከፈቱ ቆዩ። በዚያ ወራት አንባቢ የሚያስተናግዱት ባለሙያዎች በወረቀት ወደ ታተሙት አሮጌ ካታሎጎች ተመለሱ፤ ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩት ጥራዞች ወረቀታቸው ቢወይብም ሥራቸውን አልተዉምና። ይህ ሁሉ ዲጂታልን ለመንቀፍ አይደለም፤ ያለ እሱ በአዲስ አበባ ወይም በዋሽንግተን የሚኖር ተማሪ የጣናን መጽሐፍ በቤቱ ሊያነብ ባልቻለ ነበር። ነገር ግን በአንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ምስል፣ በአንድ ኩባንያ ማሽን ብቻ የሚከፈት መዝገብ፣ ውግዘት የሌለበት መጽሐፍ ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ በአገራችን ስለ ቤተ መጻሕፍት ሲነሣ፣ በአራት ኪሎ እንደ ተከፈተው አብርሆት ስላለ ያማረ ሕንፃና ስለ ኮምፒዩተሩ ብዛት ብቻ መነጋገር አይበቃም። ሕንፃው ያስፈልጋል፣ ኮምፒዩተሩም እንዲሁ፤ ገንዘቡ ግን ካሜራ ለመግዛት ሲወጣ፣ ከካሜራው በኋላ ተቀምጦ የሚያነበውን ሰው ደመወዝ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከማይክሮፊልሙ ስብስብ በታተመው ካታሎግ ያልተካተቱት ከአራት ሺህ በላይ መጻሕፍት አሉ፤ መግለጫቸው ጥቂት በጥቂት በመረጃ መረብ እየተጨመረ ነው፤ ሠራተኛው ግን ከሥራው ጋራ አይመጣጠንም። በሌላ በኩል ቅኔ የተቀኘ፣ ግእዙን ከነአገባቡ የተማረ፣ የመጽሐፍ ቤት ወንበር ያየ ወጣት በየደብሩ አለ፤ የካታሎግ ሥርዓትና የኮምፒዩተር አጠቃቀም ለእሱ ማስተማር፣ ለኮምፒዩተር ባለሙያ ግእዝን ከሥሩ ከማስተማር እጅግ ይቀላል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ ጠቅላይ ቤተ ክህነትና የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ኀላፊዎች ይህን ወጣት በቋሚ ሥራና በሚገባ ደመወዝ ሊቀጥሩት ይገባል። እናንተም አንባብያን፣ ወደ አጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ የደብሩን አስተዳዳሪና ገበዙን የመጻሕፍቱ ዝርዝር እንዳላቸው በትሕትና ጠይቁ፤ ከሌላቸው አንድ መምህር፣ አንድ ተማሪና ሁለት ደብተር ይበቃሉና፣ አንዱ በደብሩ ሌላው በሀገረ ስብከቱ እንዲቀመጥ አድርጋችሁ፣ ጽሕፈቱን በዚህ ዓመት አስጀምሩ።