በቆላ አገር አውቶሞቢልን ቀለሙ ሳይጫር ስለ ማጠብና ስለ ማድረቅ

ዕቃን መግዛት የገንዘብ ነገር ነው፤ ዕቃን ማቆየት ግን የጠባይ ነገር ነው። ገንዘብ ያለው ሰው በአንድ ቀን አውቶሞቢል ለመግዛት ይችላል፤ መልኩን እንደ ጠበቀ ለብዙ ዓመት ለማኖር የሚችል ግን ትዕግሥት ያለው ቤተ ሰብ ነው። ስለዚህ የቤት አያያዝ በሚነገርበት በዚህ ገጽ ስለ አውቶሞቢል አስተጣጠብ ጥቂት ቃል መናገር ያለ ቦታው የገባ አይሆንም።

በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ ሕዝቡ እንደ ተአምር ቆሞ ይመለከተው ነበር። ዛሬ ግን ከጎንደር እስከ መተማ፥ ከዚያም ወዲያ እስከ ቋራ ወረዳ ከተማ እስከ ገለጉ ድረስ፥ ሰሊጥና ጥጥ የሚጭነው ካሚዮን፥ ለመንግሥት ሥራ የሚላከው ፒክ አፕ፥ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅም ሁሉ በየዕለቱ ይመላለሳሉ። ዕቃው ከተለመደ ዘንድ አያያዙም ሊለመድ ይገባል።

ገለጉ ቆላ ነው፤ የአገሩም መሬት ብዙው ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ጭቃው ከጎማና ከብረት ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ይደርቅና ጎማ ሲረግጠው እንደ ዱቄት ደቅቆ ይነሣል። ይህ አቧራ ለዓይን ዱቄት ቢመስልም፥ በውስጡ ኳርትዝ የሚባለው የአሸዋ ድንጋይ ደቃቅ ስባሪ ይገኛል። ፍሪድሪኽ ሞስ የሚባል የጀርመን ሊቅ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1812 ዓ.ም. የድንጋዮችን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በደረጃ ለይቶ ነበር። በዚህ ደረጃ አልማዝ 10፥ ኳርትዝ 7 ሲሆን፥ የመስኮት መስተዋት ግን ከ6 በታች ነው። መስተዋትን የሚጭር አሸዋ፥ ከመስተዋት እጅግ የለሰለሰውን የአውቶሞቢል ቀለም እንዴት እንደሚጎዳው ማስተዋል አያስቸግርም።

ቀለሙም አንድ ብቻ አይደለም። በብረቱ ላይ አስቀድሞ ዝገት የሚከለክለው ይቀባል፤ በዚያ ላይ መልክ የሚሰጠው ቀለም ይደረባል፤ በመጨረሻም እንደ ውኃ የጠራ ሽፋን ይለብሳል። የዚህ የጠራ ሽፋን ውፍረት አንድ ሚሊሜትር ለሺህ ቢከፈል ከ40 እስከ 50 እጅ ያህል ነው፤ የሰው ጠጕር 70 ያህል ስለሚሆን ሽፋኑ ከጠጕር ይሳሳል ማለት ነው። በፀሐይ ጊዜ የሸረሪት ድር መስሎ የሚታየው ጭረት በዚህ ሽፋን ላይ የተጻፈ ነው። በሚያብረቀርቅ ቅባት ፈትጎ ማጥፋት ይቻላል፤ ነገር ግን ፍተጋው ራሱ ከሽፋኑ ይቀንሳል። ጭረቱ እስከ ብረቱ ከዘለቀም ዝገት ይከተላል።

እንግዲህ ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ደረቅ ጨርቅ ወይም መጥረጊያ ይዞ አቧራውን መጥረግ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው አውቶሞቢሉን በአሸዋ ይፍቃል። አቧራ በራሱ ተቀምጦ ቀለም አይጭርም፤ የሚያስጭረው በላዩ የሚሄደው እጅ ነው።

የአስተጣጠቡ ሥርዓት ይህ ነው። አንደኛ፥ አውቶሞቢሉ በጥላ ቆሞ ብረቱ እስኪበርድ ድረስ ይጠበቅ። በመጋቢትና በሚያዝያ የዚያ አገር ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሳሙናው ሳይታጠብ ይደርቅና እድፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ማጠብ ይሻላል። ሁለተኛ፥ ማንም ሳይነካው ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ውኃ ይፍሰስበት፤ ጭቃው እስኪርስ ጥቂት ደቂቃ ታግሦ ደግሞ ይፍሰስበት። ሦስተኛ፥ ሁለት ባልዲ ይዘጋጅ፤ በአንዱ ሳሙና፥ በሁለተኛው ንጹሕ ውኃ ይሁን። ጨርቁ ወደ ሳሙናው ከመመለሱ በፊት ሁልጊዜ በንጹሑ ውኃ ይለቅለቅ። ሳሙናው ለአውቶሞቢል የተሠራው ይሁን፤ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰም ያነሣዋል። ጨርቁም ማይክሮፋይበር የሚባለው ለስላሳ ዓይነት፥ ይህም ቢጠፋ ንጹሕ የበግ አጎዛ በጠጕሩ በኩል ይሁን። አራተኛ፥ እጅን ሳይጫኑ፥ ሳያዞሩም፥ ከላይ ወደ ታች በቀጥታ ይታጠብ፤ ጎማውና የታችኛው ወገን በመጨረሻ በሌላ ጨርቅ ይታጠቡ። መሬት የወደቀ ጨርቅ በደንብ ሳይታጠብ ወደ ቀለሙ አይመለስ።

ማድረቁም እንደ ማጠቡ ጥንቃቄ ይሻል። የጉድጓድ ውኃ ብዙ ጊዜ ኖራ ስለሚኖርበት፥ በፀሐይ እንዲደርቅ ከተተወ ነጭ ነጥብ ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ሰፊና ንጹሕ ፎጣ በርጥቡ ቀለም ላይ አንጥፎ፥ ውኃውን እስኪጠጣ ቆይቶ ማንሣት ይገባል፤ መፈተግ ግን አይገባም። ያረጀ የጥጥ ነጠላም ያገለግላል፤ ነገር ግን ጥለቱና ስፌቱ እንዳይጭር አስቀድሞ ይቆረጥ። የወፍ ኩስ ወይም የዛፍ ሙጫ የተገኘ እንደ ሆነ በጥፍር አይፋቅ፤ ርጥብ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ደርቦ እንዲለሰልስ ማድረግ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የቤቱ አባወራና እመቤት ሊያስቡበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በዚህ ሥርዓት አንድ አውቶሞቢል ለማጠብ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሦስት ያህል፥ ማለት 60 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። በችግር ጊዜ ለሕዝብ ርዳታ የሚያደርጉ ማኅበሮች ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር እንዲሰጥ በመመዘኛቸው ጽፈዋል። እንግዲያስ አንዱ እጥበት የአራት ሰው የቀን ውኃ ነው። ውኃ በሴት ጀርባና በአህያ በሚመጣበት ቦታ፥ በበጋ ወራት አውቶሞቢሉን በየሳምንቱ ማጠብ የቤቱን ሰው ውኃ ለብረት ማጠጣት ነው። ስለዚህ ውኃ ባነሰ ጊዜ መስተዋቱንና መብራቱን ብቻ ለጉዞ ደኅንነት በጥቂት ውኃ አርሶ ማጥራት፥ የቀረውን ግን ሳይነኩ መተው ይበቃል። አቧራ የለበሰ አውቶሞቢል ባለቤቱን አያሳፍርም፤ የተጠማ ቤተ ሰብ ግን ያሳፍራል።

ከወንዝ ውስጥ አግብቶ ማጠብም የውኃውን ችግር የሚያቃልል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ዘይቱና ሳሙናው ሰውና ከብት በሚጠጣው ውኃ ይቀላቀላል። የሽንፋ ወንዝ ድንበር ተሻግሮ በሱዳን ራሐድ ተብሎ እንደሚጠራ ሁሉ፥ እኛ የጣልነው እድፍ ስም ለውጦ ከጎረቤት ደጅ ይደርሳል።

ስለሚያጥበው ልጅም አንድ ቃል እንጨምር። ብዙ ጊዜ ጭረት በታየ ቀን የሚወቀሰው እርሱ ነው። አንድ ባልዲና አንድ አሮጌ ጨርቅ ሰጥቶ «ቶሎ በል» ያለው ጌታ ግን ራሱን አይወቅስም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፥ በሩብ ሰዓት የተቆጠበው ጊዜ በኋላ በቀለም ቀቢው ቤት በብዙ ገንዘብ ይከፈላል። ሁለት ባልዲ፥ ንጹሕ ጨርቅ፥ በቂ ጊዜና ለድካሙ የሚገባ ዋጋ ይሰጠው፤ የሥራውም ምክንያት በትሕትና ይነገረው። ምክንያቱን ያወቀ ልጅ ጌታው ባያየውም በጥንቃቄ ይሠራል፤ ነገ የራሱ አውቶሞቢል ሲኖረውም እንዲሁ አድርጎ ይይዘዋል።